ፊውዝ ሲቃጠል ምን ይደረጋል?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የተጓዘ ሰው የጣርማ በርን ጉም ያውቀዋል። ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና የኋላ መብራቱ ካልታየ መኪናውም አይታይም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በተራራው ሆድ የቀደዱት ዋሻ ደግሞ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ አልፎም ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። እዚህ ላይ የፊት መብራት ድርግም ቢል፣ ወይም የፍሬን መብራት አልበራ ቢል ከኋላ የሚመጣው ሹፌር በምን ይወቅ? ብዙ ጊዜ ነገሩ ጥፍር የምታክል ፊውዝ ስለሆነች፣ ውድ እጩ መምህራን፣ ዛሬ ስለ እሷ እንማማር።

ፊውዝ በኮረንቲ መንገድ ላይ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ደካማ ቦታ ናት። ከልክ ያለፈ ኮረንቲ ሲመጣ ሽቦው ሳይቃጠል እሷ ቀድማ ትቀልጣለች። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን በፊዚክስ ተምረናል። ስሌቱም ቀላል ነው፤ ባለ 55 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ባትሪ ሲበራ 55 ለ12 ተካፍሎ 4.6 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሁለቱ የፊት አምፖሎች በአንድ ፊውዝ ቢያልፉ 9.2 ይሆናል። ባለ 10ዋ ፊውዝ እንግዲህ አፋፍ ላይ ቆማለች ማለት ነው፤ ባለ 15 ብትሆን ይሻላል።

መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ፊውዝ መንቀል የለብንም። ብልህ ረዳት መጀመሪያ የሚያየው አብሮ የጠፋውን ነው። ከሁለቱ የፍሬን መብራቶች አንዱ ብቻ ከጠፋ አምፖሉን ይጠርጥር፤ ሁለቱም ባንድነት የሚመገቡት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ፊውዝ ነውና። ሁለቱም ከጠፉ፣ ክላክሱም አብሮ ዝም ካለ፣ ያኔ ወደ ፊውዝ ሳጥን ይሂድ። ሳጥኑ ከመሪው በታች ወይም ኮፈኑ ሥር ከባትሪው አጠገብ ይገኛል፤ የየትኛው ፊውዝ ሥራ ምን እንደሆነም ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ሞተር ይጥፋ፣ ቁልፍ ይነቀል፣ ፊውዟ ወጥታ በብርሃን ትታይ። ውስጧ ያለው ክር ከተበጠሰ ወይም ከጠቆረ አልቆላታል። ክሩ ደህና ሆኖ እግሯ ዝጎ ከሆነ መፋቅ ብቻ ይበቃል።

የምትተካው በአምፔር እኩያዋ መሆን አለባት። ባለ ሁለት እግሯ የፕላስቲክ ፊውዝ በቀለሟ ትለያለች፦ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30። አንዳንዱ ሰው ግን የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰካና «በራልኝ» ብሎ ይሄዳል። በራለት እንጂ ጥበቃውን ነቅሎታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነው፣ እሳቱም ከእግሩ ሥር ይነሳል!

አዲሷም ወዲያው ከተቃጠለች ሌላ መጨመር ከንቱ ነው፤ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ነክቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ በዚያ መስመር ያሉትን አምፖሎች ሁሉ ነቅሎ፣ በፊውዟ ቦታ ሁለት ሽቦ የተበየደበት አንድ የመኪና አምፖል ማገናኘትና ማብሪያውን መክፈት ነው። ሁሉም ተነቅሎ ሳለ አምፖሉ ቦግ ካለ ኮረንቲው በተላጠው ቦታ እየፈሰሰ ነው። ከዚያ ሽቦውን ከበር ማጠፊያው፣ ከኋላ መብራቱ፣ ብረት ከሚፈትገው ቦታ ሁሉ ቀስ እያሉ ማነቃነቅ። አምፖሉ የጠፋበት ቦታ የተላጠበት ቦታ ነው። ፊውዝ ሳይባክን ጥፋቱ ተገኘ።

ይህን በክፍል ለማሳየት መኪና አያስፈልግም። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖልና ከድስት መፈግፈጊያ የብረት ሱፍ የተመዘዘች አንዲት ክር ይበቃሉ። ክሯ በሸክላ ሳህን ላይ ሆና ከአምፖሉ ጋር በተከታታይ ትያያዝ፤ አምፖሉ ይበራል። አሁን የአምፖሉን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኙ፤ ክሯ ቀልታ ትበጠሳለች፣ ስለዚህ ተማሪዎች አይጠጉ። ቀጥሎ በአንዷ ክር ፈንታ ወፍራም ጥቅል አድርጋችሁ ድገሙት። ጥቅሉ አይበጠስም፤ ሽቦውና ድንጋዩ ግን መሞቅ ይጀምራሉ። ወዲያው አላቁትና አንዱን ተማሪ ሽቦውን በጣቱ እንዲዳስስ፣ ምን እንደተሰማውም እንዲናገር አድርጉ።