ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ፣ ጊዜው ሁለት

በሁለት ከተሞች መካከል የሚደረግ በረራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስንጠየቅ፣ ርቀቱን ለፍጥነት አካፍለን መልስ ለመስጠት እንቸኩላለን። ስሌቱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የአዲስ አበባንና የዋሽንግተንን መስመር ምሳሌ አድርገን ምክንያቱን እንመርምር።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንፈልግ። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ38.8 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ፣ የዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በ38.9 ዲግሪ ሰሜንና በ77.5 ዲግሪ ምዕራብ ይገኛሉ። የኬንትሮስ ልዩነታቸው 116.3 ዲግሪ ነው። ከመሬት መሐል ሆነን ብናያቸው በመካከላቸው የሚኖረውን ማዕዘን «መ» ብንለው፦

ኮሳይን መ = (ሳይን 9 × ሳይን 38.9) + (ኮሳይን 9 × ኮሳይን 38.9 × ኮሳይን 116.3) = −0.242

ስለዚህ መ 104 ዲግሪ ያህል ነው። በመሬት ገጽ ላይ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን፣ አጭሩ መንገድ 11,565 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ መስመር ቀስት መሰል ነው፤ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አልፎ አትላንቲክ ላይ እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ይወጣል፤ ማለትም ከሁለቱም ከተሞች ይበልጥ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። በተለመደው የመርኬተር ካርታ ላይ በማስመሪያ የምናሰምረው ቀጥታ መስመር ግን ከዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር ጉዞው 12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይፈጃል። ይሁን እንጂ ይህ ፍጥነት የሚለካው ከአየሩ አንጻር ነው፤ አየሩ ራሱ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። በመካከለኛው ኬክሮስ ከፍታ ላይ ነፋስ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። አማካይ ፍጥነቱ በመንገዱ አቅጣጫ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው ብንል፣ ወደ ዋሽንግተን 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ወደ አዲስ አበባ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እናገኛለን።

ከነፋሱ ይልቅ ወሳኙ ግን የከተማችን ከፍታ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ሲገኝ፣ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ክንፍን ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ከእፍግታውና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፍጥነቱ በ12 በመቶ፣ የእንቅስቃሴ ጉልበቱም በ25 በመቶ መጨመር አለበት። በሣሣ አየር ውስጥ ግን የሞተሩም ግፊያ ይቀንሳል። ማኮብኮቢያው ደግሞ ውስን ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ክብደት ቀንሶ፣ ማለትም ነዳጅ አጉድሎ መነሳት ግድ ይሆንበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱ በረራዎች ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ሲያርፉ የቆዩት፣ ከዋሽንግተን የሚመለሱት ግን በቀጥታ የሚመጡት በዋነኛነት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ርቀት የካርታ ጉዳይ ሲሆን፣ የጉዞ ጊዜ ግን አየሩ የሚወስነው ነው።

መልመጃ፦ የነፋሱ ፍጥነት 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቢሆን፣ በመሄጃው የጠፋው ጊዜ በመመለሻው ሙሉ በሙሉ ይካካሳልን? አስሉና ምክንያቱን አስረዱ።