የቤት ዓሣና የልጆች እጅ

"ሕፃናት ያሉበት ቤት ዓሣ ቢኖር ችግር አለው?" ለምትሉኝ፦ ይኑር። ፀጉሩ አይረግፍ፣ አይናከስ። እኔን የሚያሳስበኝ ውኃው ነው።

በአኳሪየም ውኃ ውስጥ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። የቲቢ ዘመድ ነው፤ ግን አትደንግጡ፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚገባው በተጫረ ወይም በተቆረጠ ቆዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ (አንዳንዴም ከዚያ በላይ) እጅ ላይ ቀላ ያለ እብጠት ይወጣል፤ ቀስ እያለ ይቆስላል። ቅባት ብትቀቡት አይድንም፣ አሞክሳሲሊንም አይሠራለትም። ትክክለኛው ሕክምና ወራት ይፈጃል። እኛ ሐኪሞች ደግሞ "ቤት ዓሣ አላችሁ?" ማለቱ ላይመጣልን ይችላል፤ እናንተው ንገሩን።

ሳልሞኔላም አለ፤ ከ5 ዓመት በታች ላሉት ተቅማጡ ይከብዳል። ስለዚህ አኳሪየሙን ትልቅ ሰው ይጠበው፣ እጁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርግ። የቆሸሸውን ውኃ ኩሽና ሲንክ ውስጥ እንዳትደፉት። ልጁ ለዓሣዎቹ ምግብ ሰጥቶ ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ውኃ ስትቀይሩ ባልዲውን ሞልታችሁ ለደቂቃም ዘወር እንዳትሉ። ዳዴ ለሚል ሕፃን እሱም ጥልቅ ነው።