ሐሳብ ይነቀፋል፤ ሰው አይሰደብም

ከማንበባችሁ በፊት፦ በሐሳብ ያልተስማሙ ሁለት ሰዎች ክርክራቸው ወደ ስድብ ሲለወጥ አይታችሁ ታውቃላችሁን? ለውጡ የመጣው ከየትኛው ቃል በኋላ ነበር?

ምንባብ

ሰዎች ተሰብስበው በሚነጋገሩበት ስፍራ ሁሉ የሐሳብ ልዩነት ይኖራል። በዕድር ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ ሌላውን ቢሳደብ የዕድሩ ዳኛ ያስቆመዋል፤ በመተዳደሪያ ደንቡም መሠረት ይቀጣል። ተሳዳቢውም የሰደበው ሰው ፊት ሲለዋወጥ ስለሚያይ ብዙ ጊዜ ያፍራል። በኢንተርኔት አማካይነት በሚሰባሰቡ ማኅበራት ውስጥ ግን እነዚህ ልጓሞች ይላላሉ። ተናጋሪው ስሙን ሊሰውር ይችላል፤ የተሰዳቢውን ፊት አያይም። ክፉው ቃል በጽሑፍ ስለሚቀርም ብዙ ሰዎች ደጋግመው ያነቡታል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው ተረት በዚህ ስፍራ ይበልጥ ይሠራል።

ይህን ችግር ለረጅም ጊዜ ከታገሉት ማኅበራት አንዱ ውክፔዲያ ነው። ውክፔዲያ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል መዝገበ ዕውቀት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የተጀመረው ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። በኋላም አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ተስፋፍቷል። ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸውና በአካል የማይተዋወቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊሰርዘው ስለሚችል ለጠብ ምክንያት አይታጣም።

ለምሳሌ አንዲት ተማሪ ስለ ትውልድ ከተማዋ የምታውቀውን በዚህ መዝገብ ላይ ጻፈች እንበል። በማግሥቱ ስትመለከት አንድ የማታውቀው ሰው ጽሑፏን ሰርዞ፣ «መሃይም! ማን ጻፊ አለሽ?» የሚል ቃል አስፍሮ አገኘች። በጽሑፏ ውስጥ የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስድቡ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ አልነገራትም። ተማሪዋ ተቀይማ ብትተወው መዝገቡ ከተማዋን የሚያውቅ ጸሐፊ ያጣል። ስድቡን በስድብ ብትመልስም፣ «ነገር ነገርን ይወልዳል» እንደሚባለው፣ ክርክሩ ስለ ከተማዋ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሁለቱ ሰዎች ይሆናል። በሁለቱም መንገድ አንባቢው ይጎዳል።

ማኅበሩ ለዚህ ያበጀው መሠረታዊ ደንብ አጭር ነው፤ ስለ ጽሑፉ እንጂ ስለ ጸሐፊው መናገር አይገባም ይላል። «የጠቀስሽው ዓመት ከማስረጃው ጋር አይስማማም» ማለት ነቀፋ ነው፤ «መሃይም» ማለት ግን ስድብ ነው። የመጀመሪያው ሊመረመርና ሊታረም ይችላል፤ ሁለተኛው ከማቁሰል በቀር የሚፈይደው የለም። ሌላው ደንብ ደግሞ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልተገኘ ድረስ የተሳሳተ ሰው በቅን ልቡና እንደሠራ እንዲቈጠር ያዛል።

ደንብ አስፈጻሚ ከሌለው ከወረቀት አያልፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጽሑፍ የውይይት ገጽ አለው፤ የማይስማሙ ሰዎችም ምክንያታቸውን በዚያ ያቀርባሉ። በእንግሊዝኛው ክፍል በ1997 ዓ.ም. በወጣ ደንብ መሠረት፣ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ የሌሎችን ሥራ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ ቢሽር ከመጻፍ ሊታገድ ይችላል። በአባላት ስምምነት የተሾሙ አስተዳዳሪዎች ተሳዳቢውን ያስጠነቅቃሉ፤ ካልታረመም ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለዘለቄታው ያግዱታል። እርሱ ራሱ የክርክሩ ወገን የሆነ አስተዳዳሪ ግን ፍርዱን ለሌላ መተው ይኖርበታል። በዚህ ያላለቀ ከባድ ጠብ በ1996 ዓ.ም. ሥራውን ለጀመረው የዳኝነት ጉባኤ ይቀርባል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በየቋንቋው ያሉትን ማኅበራት ሁሉ የሚመለከት አንድ የሥነ ምግባር ደንብ ጸድቋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ስድብ ፈጽሞ አልጠፋም። ሆኖም የተሰደበ ሰው አቤት የሚልበት ስፍራ አግኝቷል።

እንግዲህ ከላይ የተጠቀሰችው ተማሪ ምን ታድርግ? በመጀመሪያ ቁጣዋ እስኪበርድ ድረስ መልስ አትስጥ። ቀጥሎም በውይይት ገጹ ላይ ስሕተቱ የቱ እንደሆነ በጨዋነት ትጠይቅ፤ ስሕተት ከተገኘም ታርም። ስድቡ ከቀጠለ የተባለችውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ለአስተዳዳሪ ታመልክት። ሌሎቹ አባላትም ዝም ብለው መመልከት አይገባቸውም፤ ሁሉም ዝም ካለ ተማሪዋ ሁሉም የሰደባት ይመስላታልና። አንድ ሰው እንኳ «ሰውን ትተን ጽሑፉን እንመርምር» ቢል ክርክሩ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። ዓመተ ምሕረቱ ታርሞ የከተማዋ ታሪክ በመዝገቡ ላይ የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው።

መልመጃ አንድ
በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሱ።
1. በዕድር ስብሰባ ላይ ተሳዳቢን የሚገቱት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
2. ነቀፋና ስድብ በምን ይለያያሉ?
3. የክርክሩ ወገን የሆነ አስተዳዳሪ እንዳይፈርድ የተደረገው ለምን ይመስላችኋል?

መልመጃ ሁለት
የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች ፍች ከምንባቡ ተረድታችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
ሀ. ልጓም  ለ. በቅን ልቡና  ሐ. ሻረ  መ. ለዘለቄታው

መልመጃ ሦስት
ከዚህ በታች ያለውን ስድብ ወደ ነቀፋ ለውጣችሁ ጻፉ።
«ይህን የጻፈ ሰው ማንበብ እንኳ አይችልም!»