«ኳሊፋይድ» የሚለው ቃል በምስክር ወረቀት ላይ

ሒሳብ ያዥ ወይም ጸሐፊ የሚቀጥር የንግድ ቤት፣ በእንግሊዝኛ በተጻፉት የምስክር ወረቀቶች ላይ «ኳሊፋይድ» የሚለውን ቃል ሳያገኝ አይቀርም። ቃሉ «ብቁ» ተብሎ ብቻ ቢተረጐም ግን ያሳስታል፤ ፍቺው አብሮት እንደሚነገረው ቃል ይለያያልና።

«ኳሊፋይድ አዝ አን አካውንታንት» ቢል፣ ሰውየው የሙያውን ፈተና አልፎ ማስረጃ ተቀብሏል ማለት ነው። «ኳሊፋይድ ፎር ዘ ፖስት» ቢል ግን ለቦታው ይስማማል የሚል የመስካሪው አስተያየት ነው፤ ስለ ማስረጃው የተነገረ ነገር የለም። «ፓርት ኳሊፋይድ» የተባለው ፈተናውን ጀምሮ ገና ያልጨረሰ ነው። «ኳሊፋይድ ባይ ኤክስፒሪየንስ» የተባለውም ሥራውን በልምድ እንጂ በፈተና ያላስመሰከረ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን የመጋዘኑን ሒሳብ ከባለ ዲፕሎማው አብልጦ የሚያውቅበት ጊዜ አለና በችኰላ አይናቅም።

ከሁሉ የሚከፋው የቃሉ ሌላ ፍቺ ነው፤ ይኸውም «ገደብ ያለበት» ማለት ነው። ሒሳብ መርማሪ «ኳሊፋይድ ኦፒንየን» ሲሰጥ የተመሰገነ መስሎት ደስ የሚለው ነጋዴ ተሳስቷል። መርማሪው ከዚህ ከተጠቀሰው ጉዳይ በቀር ሒሳቡ ደኅና ነው ማለቱ ነው፤ ነቀፋ የሌለበት «አንኳሊፋይድ» የተባለው ነው።

ለሠራተኛም እንዲሁ ነው። «አንኳሊፋይድ ክለርክ» ሙያ የሌለው ጸሐፊ ሲሆን፣ «አንኳሊፋይድ ሬኮሜንዴሽን» ግን አንዳች ቅሬታ የሌለበት ሙሉ ድጋፍ ነው። የኋለኛውን እንደ ፊተኛው ያነበበ አሠሪ ከአመልካቾቹ ሁሉ የተሻለውን ሰው ከደጁ ይመልሳል።