የብጉር ጠባሳ ይጠፋል?

ጥያቄ፦ አንዲት የአንበሳሜ ከተማ አንባቢ፣ ብጉሩ ከለቀቃት በኋላ ፊቷ ላይ የቀሩት ጥቋቁር ነጠብጣቦችና ጉድጓዶች በሕክምና ይጠፉ እንደሆነ ትጠይቃለች።

መልስ፦ ሁለቱ ይለያያሉ። ሳይጎደጉድ የጠቆረው የቀለም ለውጥ እንጂ ጠባሳ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። የደጋ ፀሐይ ግን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ባርኔጣ፣ ጥላና የፀሐይ መከላከያ ክሬም አይቅር። አዳፓሊን ወይም አዜላይክ አሲድ ያለበት ቅባት ያግዛል፤ አዳፓሊንን ግን ነፍሰ ጡር አትቀባም።

ጉድጓዱ በቅባት አይሞላም። የቆዳ ሐኪም ቆዳውን በደቃቅ መርፌዎች እየወጋ አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ያደርጋል፤ ሰፋ ብሎ የሰረጎደውን ደግሞ ከሥር ወደ ታች የሚጎትተውን ክር መሰል ነገር በመርፌ ይቆርጣል። ሕክምናው በሳምንታት ልዩነት ይደጋገማል፤ ጠባሳውንም ያሻሽላል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ሌዘር ጠቆር ያለ ቆዳን ይበልጥ ሊያጠቁር ስለሚችል የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

እጅግ የሚያሳስበው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው የማቅያ ክሬም ነው። ጠያቂዋ ቱቦውን ገልበጥ አድርጋ ታንብብ፦ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለበት፣ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል። ቀድማ ስትቀባው ከቆየች ስለ አቋራረጡ ሐኪም ታማክር።

አዲስ ብጉር ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከም። ከዚያ በአቅራቢያዋ ካለው ጤና ተቋም ሪፈር መጠየቅ ትችላለች፤ በአዲስ አበባ አለርት፣ በደሴ አጠገብ ደግሞ ቦሩ ሜዳ በቆዳ ሕክምና የታወቁ ሆስፒታሎች ናቸው።