ሰዓቱን ከማስተካከልሽ በፊት

ሚጡዬ፣ ቆዪ እስቲ፣ እጅሽን ከማውሱ አንሺ። በየጠዋቱ ሰዓቱን እያስተካከልሽ ሥራ መጀመር ለምደሻል። ዛሬ ግን ሳትነኪው በስንት እንደተሳሳተ እንየው።

ልክ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቢል ኖሮ ማሽኑ ጤነኛ ነው እልሽ ነበር፤ አንዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶበት ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያንን ሰዓት 8 ብሎ ነው የሚያውቀው። ልክ 3 ሰዓት ቢሆን የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ላይ አድርጊው እልሽ ነበር፤ ሰዓታችን ከእነሱ ጋር አንድ ነው። ያንቺው ግን ዓመቱን ሳይቀር ወደ ኋላ ወስዶታል። ይሄ የባትሪ ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል፣ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። መብራት ሲቋረጥ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ሶኬት ላይ እስካለ ከግድግዳው ጥቂት ኃይል ስለሚያገኝ እሷ ታርፋለች። አንቺ ግን ማታ ማከፋፈያውን አጥፍተሽ ነው የምትሄጂው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሥራው በእሷ ላይ ነው። ደግሞ ይሄን ሰምተሽ ማጥፋቱን እንዳትተዪ! መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሚያቃጥልብሽ ዕቃ ባትሪ መቀየር ይረክሳል።

ትናንት ጂሜይል አልከፍት ሲልሽ ኔትወርክ የለም ብለሽ ደንበኛ የመለስሽው በዚሁ ሰበብ ነው። ድረ ገጾች የሚያሳዩት የማንነት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ማሽንሽ የሚጀምርበት ቀን ገና ነው ብሎ ስለሚያስብ አላምንም ይላል። ፎርማት ይደረግ የሚልሽ ካለ በጭራሽ እሺ አትበዪ። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን የደከመች ባትሪ አያድንም፤ የሰው ፋይል ታጠፊያለሽ እንጂ።

ከመቀየርሽ በፊት ባዮስ ገብተሽ ገጾቹን በስልክሽ ፎቶ አንሺያቸው። ባትሪዋ ስትወጣ ምርጫዎቹ ከፋብሪካ እንደወጡት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሃርድ ዲስኩ ከተቀየረ ዊንዶውስ አልነሳም ይልሻል። ከዚያ ገመዱን ንቀዪ፣ የኬዙን ብረት ንኪ፣ መያዣዋን ገፋ ስታደርጊያት ትወጣለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርገሽ አስገቢ። አሮጌዋን ጠረጴዛ ላይ እንዳትተያት፣ እባክሽ፤ እዚህ ልጅ ይገባል። ሕፃን ከዋጣት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። በፕላስተር ጠቅልለሽ ለእኔ ስጪኝ።

ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙዪና ማታ እንደ ልማድሽ አጥፊው። ነገም ወደ ኋላ ከተመለሰ ባትሪዋን በሜትር እናስለካት፤ ከ3 ቮልት በጣም ከወረደች ሱቅ ውስጥ ያረጀች ናት፣ ሌላ እንገዛለን። ሙሉ ሆና ከተገኘች ግን ማዘርቦርዱን ለባለሙያ እናሳያለን።