የምድር ሚዛንና የሊችፊልዱ አናጢ

እህል ወይም ብረት የጫነ መኪና የምድር ሚዛን ላይ ሲወጣ ሻጭም ገዢም ዐይናቸው ቁጥሩ ላይ ነው። ከመድረኩ ሥር ምን እንዳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ“ጎደለ” “አልጎደለም” ክርክር ግን የሚጠቀመው ይህንኑ የሚያውቅ ነጋዴ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ አንድን ጋሪ ከነጭነቱ መመዘን ትልቅ ሥራ ነበር። ጋሪው በሰንሰለት ታስሮ፣ ከፍ ባለ ማማ ላይ ከተሰቀለ ሚዛን ላይ ይንጠለጠላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ዕቃ በስፍር ይሸጥ ነበር። የለንደን የድንጋይ ከሰል እስከ 1830ዎቹ ድረስ በስፍር ሲሸጥ ኖሯል፤ ትልቁ አንኳር ሲሰባበር ስፍሩ እንደሚበዛ የማያውቅ የከሰል ነጋዴ አልነበረም።

ሚዛኑን የግድ ያደረገው ግን የመንገድ ጉዳይ ነው። ከባድ ጋሪዎች መንገዱን እየሰባበሩ ስላስቸገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1741 የወጣው ሕግ ኬላ የሚያስተዳድሩ ማኅበራት መመዘኛ እንዲያቆሙ ፈቀደ። ከ60 ሃንድረድዌት (3 ቶን ገደማ) በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ሃንድረድዌት፣ ማለትም ለ50 ኪሎ ያህል ትርፍ ጭነት፣ 20 ሽልንግ ተጨማሪ ክፍያ ተጣለበት። ያን ጊዜ 20 ሽልንግ አንድ ሙሉ ፓውንድ ነበር።

በዚያው ዘመን መፍትሔውን ያመጣው በ1700 ሊችፊልድ አጠገብ የተወለደው አናጢ ጆን ዋያት ነው። ዋያት ከሉዊስ ፖል ጋር ሆኖ ጥጥን በጥቅልል የሚፈትል መኪና ሠርቶ ነበር፤ የ1738ቱ የፈጠራ መብት በፖል ስም ወጣ፤ በርሚንግሃም ላይ በአህያ ጉልበት የሚዞር ፋብሪካም ተከፈተ፤ ከሰረ። ሚዛኑ ግን ሠራ። በበርሚንግሃም፣ ቀጥሎም በሊቨርፑልና በቼስተር ተተከለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መድረኩ ከመንገዱ ጋር እኩል ሆኖ በጉድጓድ አፍ ላይ ያርፋል። ከአራቱም ማዕዘን አንዳንድ ዘንግ ወደ መሐል ይመጣል። አራቱ ዘንጎች መሐል ላይ አንድ ረጅም ዘንግ ይጫናሉ፤ የረጅሙ ዘንግ ጫፍ ወደ ጎን ወጥቶ ከትንሽ ሚዛን ጋር ይያያዛል። ለምሳሌ የመጀመሪያዎቹ ዘንጎች ክብደቱን ወደ አንድ አሥረኛ ቢያወርዱት፣ ረጅሙም እንደገና ወደ አንድ አሥረኛ ቢያወርደው፣ የ100 ኩንታል ክብደት በ1 ኩንታል ይመዘናል ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የአራቱ ዘንጎች ልክ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጭነቱ ወደ ፊትም ያጋድል ወደ ኋላ፣ ንባቡ አይለወጥም።

ዛሬ በብዙዎቹ የምድር ሚዛኖች ውስጥ የዘንጎቹን ቦታ ክብደትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጡ ሎድ ሴሎች ወስደዋል። ፈተናው ግን ያው ነው። ከመድረኩ የሚያጥር መኪና ፊት፣ መሐልና ኋላ ላይ እያቆሙ ሦስት ጊዜ መመዘን ነው። ሦስቱ ንባቦች ከተራራቁ አንደኛው ማዕዘን ታሟል። በመድረኩና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል የገባ ጠጠር ወይም የደረቀ ጭቃም ከጭነቱ ከፊሉን ስለሚሸከም ክብደት ይቀንሳል፤ ሻጭ ይጎዳል።

ከሚዛኑ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚያመልጠው በባዶ ክብደት ነው። መኪናው ባዶውን ሲመዘን ነዳጁ ሊያልቅ የደረሰ ከሆነና ከጫነ በኋላ 200 ሊትር ናፍጣ ሞልቶ ቢመለስ፣ ገዢው ወደ 170 ኪሎ የሚጠጋ ናፍጣ በእህል ዋጋ ይገዛል። ረዳቱ ባዶ ሲመዘን ወርዶ፣ ሙሉ ሲመዘን ከተሳፈረ ደግሞ ሌላ 60 ኪሎ ነው። ሚዛኑ በሁለቱም ጊዜ እውነቱን ነው የተናገረው።

የእንግሊዝ ጋሪ ነጂዎችም ይህን ዓይነት ዘዴ አላጡም። ከኬላው በፊት ትርፉን አውርደው፣ ካለፉ በኋላ መልሰው ይጭኑ ስለነበር በኋላ የወጡት ሕጎች ለዚህ ቅጣት ጻፉ። የኬላውን ገቢ በኮንትራት የያዙትም በሕግ የተወሰነውን ከመጠየቅ ይልቅ በዝቅተኛ ሒሳብ እየተስማሙ ከባዱን ጋሪ ያሳልፉ ነበር፤ ትርፍ ጭነት ከቆመ ገቢያቸውም ይቆም ነበርና።

ዋያት ራሱ ኋላ በበርሚንግሃሙ ባለፋብሪካ በማቲው ቦልተን ዘንድ ተቀጥሮ ሠርቶ በ1766 ሞተ። በጥቅልል የመፍተሉን ዘዴ ከሦስት ዓመት በኋላ በስሙ ያስመዘገበው ሪቻርድ አርክራይት ከእንግሊዝ ታላላቅ ሀብታሞች አንዱ ሆነ።